የተጠቃሚዎችን ሴሽን ማስተዳደር፦ ከመቆለፍ እስከ ማስወጣት

አንድ ሰው የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ዴስክቶፑ ከተከፈተለት ቅጽበት ጀምሮ ራሱ ወይም አስተዳዳሪው እስከሚዘጋው ድረስ የሚዘልቀው ቆይታ ሴሽን ይባላል፤ ወደ አማርኛ የተመለሱ ፕሮግራሞች «ክፍለ ጊዜ» ሲሉት ይታያል። ሥርዓተ ክወናው ለእያንዳንዱ ሴሽን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተጠቃሚው የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች በዚያ ቁጥር ሥር ይሰበስባል፣ የትኛውን ፋይል ማንበብና የትኛውን መለወጥ እንደሚችል የሚወስነውንም ፈቃድ ከእነዚሁ ፕሮግራሞች ጋር ያያይዛል። ስለዚህ ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ቢሄድ እንኳ ሴሽኑ እስካልተዘጋ ድረስ ኮምፒውተሩ ሰውየውን እንዳለ ነው የሚቆጥረው፤ ሳይቆለፍ በተተወ ማሽን ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የሚያደርገው ሁሉ በመጀመሪያው ሰው ስም ይመዘገባል።

ችግሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለእይታ የበቃው ሲቲኤስኤስ የተባለው ሥርዓት ብዙ ሰዎች በአንድ ማሽን ላይ በየተርሚናላቸው የየራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩ ካስቻሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይም የይለፍ ቃል መጠየቅ ጀመረ። እዚያው ሥርዓት ላይ በ1960ዎቹ በተፈጠረ ስሕተት የሁሉም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ዝርዝር የዕለቱ መልእክት ሆኖ ለገባው ሁሉ ታትሞ ወጥቷል።

ከዚህ በታች ያለው ምክር አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው የሚያገለግልበትን ቦታ ለሚቆጣጠር፣ እንዲሁም ሰዎች ከርቀት የሚገቡበትን ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው የተዘጋጀ ነው። የትዕዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጻፉ ግን በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው፤ ሊያደናግሩ የሚችሉትን ፊደል በፊደል አስቀምጫለሁ።

ከኮምፒውተሩ የምንለይባቸው መንገዶች

ከሴሽን ጋር የተያያዘ አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው ስድስት ወይም ሰባት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ «ዘጋሁት» በሚል ቃል ከመጥራት ነው። አንድ ሰው «ኮምፒውተሩን ዘግቼው ወጣሁ» ሲልዎ ስክሪኑን አጥፍቶ፣ የላፕቶፑን ክዳን አጥፎ፣ ቆልፎት፣ ወደ ሌላ ተጠቃሚ ቀይሮት ወይም በእርግጥ ከአካውንቱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ውጤት ፈጽሞ አንድ ስላልሆነ ምንም ቅንብር ከመንካትዎ በፊት ልዩነታቸውን ማወቅ ይገባል።

መቆለፍ ሴሽኑን አይዘጋውም፤ በላዩ ላይ መጋረጃ ይጥልበታል። ፕሮግራሞቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፣ የሚወርደው ፋይል ይወርዳል፣ ሚሞሪውም እንደተያዘ ይቆያል፤ ለመመለስ የይለፍ ቃል ማስገባት ብቻ ይበቃል። በዊንዶውስ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤል ጋር፣ በማክ ደግሞ ኮንትሮልን፣ ኮማንድንና ኪውን አንድ ላይ መጫን ይቆልፈዋል። ለአጭር ጊዜ ከወንበር ለሚነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው የሚጠብቀው ከሆነ ግን ቆልፎ መሄድ የሌላውን ወረፋ መያዝ ይሆናል።

ተጠቃሚ መቀየር፣ ማለትም «ስዊች ዩዘር» የሚባለው፣ የመጀመሪያውን ሴሽን ከስክሪኑ ጀርባ አስቀምጦ ለሁለተኛው ሰው አዲስ ሴሽን ይከፍታል። በዊንዶውስ ከኤክስፒ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2001፣ በማክ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ አለ። ምቹ ነው፤ ሆኖም አምስት ሰዎች በተራ እየቀየሩ ቢገቡ አምስቱም ሴሽኖች ከነአሳሾቻቸውና ከነሰነዶቻቸው በአንድ ማሽን ሚሞሪ ላይ ተደራርበው ይቀመጣሉ። «ኮምፒውተሩ ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል» የሚል ስሞታ ከጋራ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የምመለከተው ይህንን ነው።

እንቅልፍ ማስያዝ ሴሽኑን በሚሞሪ ላይ እንዳለ አቆይቶ የቀረውን የማሽኑን ክፍል ያሳርፋል፤ ሃይበርኔት ደግሞ የሚሞሪውን ይዘት ወደ ዲስክ ጽፎ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል። በሁለቱም ሴሽኑ አልተዘጋም። በተለይ ሃይበርኔት ያደረገ ማሽን ጠፍቶ ስለሚታይ ብዙ ሰው ወጥቻለሁ ብሎ ይሳሳታል።

መውጣት፣ ማለትም «ሳይን አውት» ወይም «ሎግ አውት»፣ ብቻ ነው የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ዘግቶ ሚሞሪውን የሚያስለቅቀውና ማሽኑን ሳያጠፋ ለሚቀጥለው ሰው ንጹሕ የመግቢያ ገጽ የሚተወው። በማክ ሺፍትን፣ ኮማንድንና ኪውን አንድ ላይ መጫን ወደዚሁ ይወስዳል፤ በሚመጣው መጠይቅ ላይ ተመልሰው ሲገቡ መስኮቶቹ ዳግም እንዲከፈቱ የሚያደርገው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይመልከቱ፣ ሌሎች ሰዎች ስክሪንዎን በሚያዩበት ቦታ ምልክቱን ማንሣት ይሻላል።

ማጥፋትም የራሱ ምሥጢር አለው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው ቅንብር ሲበራ፣ «ሻት ዳውን» የሚለው ትዕዛዝ ተጠቃሚውን ያስወጣና የሥርዓቱን የራሱን ሴሽን ግን ወደ ዲስክ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ በማግስቱ ማሽኑ ሲበራ ያንኑ አንሥቶ ይቀጥላል። ሥርዓቱ የራሱ ሴሽን አለው ወይ ለሚል ሰው፣ አዎ፣ ከቪስታ ወዲህ አገልግሎት ሰጪ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ቁጥር 0 የሆነ ሴሽን አለ፣ የሰዎች ሴሽን ቁጥር ከ1 የሚጀምረውም ለዚህ ነው። አንድ የድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ችግር «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተፈታም» ሲባል «ሪስታርት» ያድርጉት የሚባለው ደግሞ ዳግም ማስነሣት ይህን አቋራጭ ስለማይጠቀም ነው።

ማን እንደገባ ማወቅ

ማንንም ከማስወጣት በፊት ማን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ በውስጡ «ዩዘርስ» የሚለው ገጽ በማሽኑ ላይ ሴሽን ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ከሚጠቀሙት ሚሞሪና ፕሮሰሰር ጋር ይዘረዝራል። ከስሙ አጠገብ «ዲስኮኔክትድ» የሚል ቃል ካዩ ያ ሰው ሴሽኑን ሳይዘጋ ወደ ሌላ ተጠቃሚ ቀይሯል ወይም ከርቀት ገብቶ መስኮቱን ብቻ ዘግቷል ማለት ነው።

በትዕዛዝ መስኮት መሥራት ለሚመርጥ «ኩዌሪ ዩዘር» የሚለው ትዕዛዝ የተጠቃሚውን ስም፣ የሴሽኑን ስም፣ መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ሁኔታ፣ ሥራ ፈቶ የቆየበትን ጊዜና የገባበትን ሰዓት በአንድ ሰንጠረዥ ያወጣል። የሴሽኑ ስም «ኮንሶል» ከሆነ ሰውየው ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ «አርዲፒ» በሚል ከጀመረ ከርቀት ነው የገባው። ሆም በሚባለው የዊንዶውስ እትም ይህ ትዕዛዝ ስለማይገኝ እዚያ በታስክ ማኔጀር መብቃቃት ግድ ነው።

በሊኑክስ አንድ ፊደል ብቻ የሆነው «ደብሊው» የተባለው ትዕዛዝ የገቡትን ሰዎች፣ ከየት እንደገቡ፣ ስንት ጊዜ ሥራ ፈተው እንደቆዩና አሁን የትኛውን ፕሮግራም እንደያዙ ያሳያል፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ ይህ ይበቃል። የማሽኑን አገልግሎቶች የሚያስነሣውንና የሚቆጣጠረውን ሲስተምዲን በሚጠቀሙት የሊኑክስ ሥርጭቶች፣ ዛሬ አብዛኞቹ ዋና ዋናዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ሴሽኖችን የሚመዘግበው ሎግኢንዲ የተባለው አገልግሎት ስለሆነ «ሎግኢንሲቲኤል ሊስት-ሴሽንስ» የሚለው ትዕዛዝ የሴሽኖቹን መለያ ቁጥር ይዘረዝራል። «ሲት ዜሮ» የሚል የተጻፈበት ሴሽን ከማሽኑ ስክሪንና ኪቦርድ ጋር የተያያዘ ነው። የአንዱን ዝርዝር ለማየት «ሎግኢንሲቲኤል ሴሽን-ስታተስ» ብሎ ቁጥሩን መጨመር በሴሽኑ ሥር ያሉትን ፕሮግራሞች በዛፍ መልክ ያስቀምጥልዎታል፤ ሰውየው ያልተቀመጠ ሰነድ ወይም እየሄደ ያለ ረጅም ሥራ ይኖረው እንደሆነ ለመገመት ከዚህ የተሻለ ማያ አላገኘሁም።

ሌላውን ተጠቃሚ ማስወጣት

እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ የጋራ ማሽን እጅግ ስለተንቀራፈፈ ከዝርዝሩ ላይ «ዲስኮኔክትድ» የሚል ያየሁበትን ሴሽን ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ ዘጋሁ። ከመካከላቸው የአንደኛው ባለቤት ጧት የጀመረውን ረጅም ሠንጠረዥ ሳያስቀምጥ ለስብሰባ የወጣ ባልደረባዬ ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራው ጠፋ፣ እኔም ያን ቀን ከእርሱ ጋር ሆኜ መልሼ ስጽፍ ዋልሁ። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን አልለወጥሁትም፦ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማሳወቅ፣ ከዚያ መጠበቅ፣ በመጨረሻ ማስወጣት።

ለማሳወቅ በዊንዶውስ ፕሮ ወይም ሰርቨር እትሞች «ኤምኤስጂ» የሚለው ትዕዛዝ የሴሽኑን ቁጥርና መልእክቱን ተቀብሎ በተጠቃሚው ስክሪን ላይ መስኮት ይከፍታል። በሊኑክስ «ዎል» የሚለው ትዕዛዝ በተርሚናል፣ ማለትም በትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት፣ ለገቡት ሁሉ መልእክት ያደርሳል፤ በግራፊክ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ላያየው ስለሚችል ለእርሱ ስልክ መደወል ይሻላል። መልእክቱ ሰዓቱን በግልጽ ይናገር፤ «በቅርቡ» ከማለት «ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ልክ በ10 ሰዓት» ማለት ሰውን ያነቃል።

የማስወጫው ተግባር ራሱ አጭር ነው። በታስክ ማኔጀር ስሙ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሳይን ኦፍ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ «ዲስኮኔክት» የሚለውን ከመረጡ ግን ሴሽኑ ከስክሪኑ ተለይቶ በሚሞሪ ላይ ይቀራል፣ የፈለጉትም አልተፈጸመም። በትዕዛዝ መስኮት «ሎግኦፍ» ብለው ከኩዌሪ ዩዘር ያገኙትን ቁጥር ይጨምራሉ። በሊኑክስ «ሎግኢንሲቲኤል ተርሚኔት-ሴሽን» ከቁጥሩ ጋር አንዱን ሴሽን፣ «ሎግኢንሲቲኤል ተርሚኔት-ዩዘር» ከስሙ ጋር ደግሞ የዚያን ሰው ሴሽኖች በሙሉ ይዘጋል። በሁሉም ሥርዓት የሌላውን ሴሽን ለመዝጋት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ የሴሽን ቁጥር ለአንድ ሰው ለዘለቄታው የተሰጠ ስላልሆነ ትናንት 3 የነበረው ዛሬ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ያልተጠበቀው ጉዳይ፣ በሊኑክስ ተጠቃሚው ከወጣ በኋላም ፕሮግራሞቹ ሳይዘጉ መቅረታቸው ነው። በሎግኢንዲ የቅንብር ፋይል ውስጥ «ኪል ዩዘር ፕሮሰስስ» የሚል አማራጭ አለ፤ ሲበራ ተጠቃሚው ሲወጣ የሴሽኑ ቅሪት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የሲስተምዲ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው እትም 230 ይህን በነባሪነት ቢያበሩት ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ሰዎች ሆን ብለው ከወጡ በኋላ እንዲቀጥል የተዉት ሥራ ይቋረጥባቸው ነበርና፤ ብዙ ሥርጭቶችም መልሰው አጠፉት። በእኔ አስተያየት ለሁሉም ሰው በሚያገለግል የመማሪያ ወይም የእንግዳ ማሽን ላይ ማብራቱ ተገቢ ነው፤ የረጅም ጊዜ ስሌት በሚሠራበት ሰርቨር ላይ ግን አጥፍቶ መተው ይሻላል። ካበሩት በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ ማስቀረት ከፈለጉ «ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል-ሊንገር» የሚለው ትዕዛዝ ለዚያ ተጠቃሚ፣ ሴሽን ባይኖረውም እንኳ፣ በሲስተምዲ ሥር ያስመዘገባቸው የራሱ አገልግሎቶች እንዲቀጥሉ ይፈቅዳል።

ሥራ ሲፈታ ራሱን እንዲቆልፍ ማድረግ

ሰው ይረሳል፤ ስለዚህ መቆለፉን ለማሽኑ መተው ይገባል። በዊንዶውስ ከስክሪን ሴቨር ቅንብር ውስጥ የመጠበቂያውን ደቂቃ ወስኖ፣ ሲመለስ የመግቢያ ገጹ እንዲታይ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ማድረግ የቆየና አስተማማኝ መንገድ ነው። ብዙ ማሽኖችን የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ በአካባቢያዊ የደኅንነት ፖሊሲ ውስጥ ያለውን የማሽን ሥራ ፈት ወሰን በሰከንድ ይሞላል፤ 900 ብሎ መጻፍ 15 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የክፍያ ካርድ መረጃን የሚይዙ ድርጅቶች የሚመሩበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው መስፈርት ከ15 ደቂቃ በላይ ሥራ ፈቶ የቆየ ሴሽን ማንነትን ዳግም እንዲጠይቅ ያዛል። ሰው በሚመላለስበት ክፍል ውስጥ ግን 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ እኔ 5 አደርገዋለሁ። ከ2 ደቂቃ በታች ማውረድ ግን ሰዎችን ያማርራል፣ የተማረረ ሰውም የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል።

ዊንዶውስ 10ና 11 ከዚህ ሌላ በብሉቱዝ የተጣመረ ስልክ ከማሽኑ ሲርቅ ከጥቂት ቆይታ በኋላ የሚቆልፍ «ዳይናሚክ ሎክ» የተባለ አማራጭ አላቸው። የብሉቱዝ ሞገድ ግን ግድግዳ ዘልቆ ስለሚሄድ ከጎን ክፍል የተቀመጠ ሰው ማሽን ላይቆለፍ ይችላል፤ ረዳት እንጂ ዋና መከላከያ አድርገው አይቁጠሩት።

በማክ ከግላዊነትና ደኅንነት ቅንብሮች ውስጥ፣ «አድቫንስድ» የሚለውን ሲከፍቱ፣ ተጠቃሚው ለተወሰነ ደቂቃ ሥራ ከፈታ በራሱ እንዲወጣ የሚያደርግ አማራጭ ይገኛል። መቆለፍ ሳይሆን መውጣት ስለሆነ ጠንካራ እርምጃ ነው፤ ያልተቀመጠ ሰነድ ያለው ፕሮግራም መውጣቱን ሊያግደው እንደሚችልም ይወቁ። በሊኑክስ ግራፊክ ዴስክቶፖች መቆለፊያው በኃይልና በግላዊነት ቅንብሮች ውስጥ ነው። በተርሚናል ለሚገቡ ሰዎች ደግሞ ባሽ የተባለው ሼል፣ ማለትም የሚጻፉትን ትዕዛዞች ተቀብሎ የሚፈጽመው ፕሮግራም፣ «ቲኤምአውት» የሚባል፣ በትልልቅ ፊደላት ቲ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዩ፣ ቲ ተብሎ የሚጻፍ ተለዋዋጭ ያነባል፤ በሰከንድ የተሰጠው ጊዜ አልፎ ተጠቃሚው ምንም ካልጻፈ ሼሉ ራሱን ይዘጋል። የሚሠራው ግን ሼሉ ትዕዛዝ እየጠበቀ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰውየው የጽሑፍ አርታኢ ከፍቶ ከሄደ ሰዓቱ አይቆጥርም።

የመግቢያ ሰዓት መገደብም ይቻላል፤ በዊንዶውስ «ኔት ዩዘር» የሚለው ትዕዛዝ ከስሙ በኋላ «ታይምስ» የሚል አማራጭ ይቀበልና አካውንቱ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት ብቻ እንዲገባ ይወስናል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ገደቡ አዲስ መግባትን ይከለክላል እንጂ አስቀድሞ ገብቶ የተቀመጠውን ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ከማሽኑ አያስወጣም። እርሱን ለማስወጣት በዚያ ሰዓት የሎግኦፍ ትዕዛዝ የሚያስኬድ በፕሮግራም የተያዘ ሥራ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በሊኑክስ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት ሴሽን መክፈት እንደሚችል «ማክስሎግኢንስ» በሚለው ወሰን፣ በሊሚትስ የቅንብር ፋይል ውስጥ ይወሰናል።

ከርቀት የሚገቡ ሰዎች

የሌላን ማሽን ዴስክቶፕ ከርቀት በሚያሳየው ሪሞት ዴስክቶፕ የገባ ሰው በመስኮቱ ጥግ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ሲጫን ግንኙነቱ ይቋረጣል እንጂ አይወጣም። ሴሽኑ በሰርቨሩ ላይ ከነሙሉ ፕሮግራሞቹ ይኖራል፤ ነገ ሲመለስ ከተወበት ይቀጥላል። ለእርሱ መልካም ነው፣ ለሰርቨሩ ግን ሸክም ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ሁለት የአስተዳደር ሴሽን ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ሁለት ባልደረቦች በየቤታቸው ሴሽናቸውን ሳይዘጉ ቢተኙ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ችግር ሊፈታ ሲሞክር ቦታ ሊያጣ ይችላል። የተራ ዊንዶውስ ማሽን ደግሞ ከርቀት አንድ ሰው ሲገባ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስክሪን ይቆልፋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሥራት አይችሉም።

መፍትሔው የዊንዶውስ ማሽኖችን ቅንብር በአንድ ቦታ በሚወስነው ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎቶች ሥር «ሴሽን ታይም ሊሚትስ» በሚለው ክፍል ነው። እዚያ ለተቋረጡ ሴሽኖች፣ ተገናኝተው ሥራ ለፈቱና ለንቁ ሴሽኖች የየራሳቸው ወሰን አለ። ለንቁ ሴሽን ወሰን ማስቀመጥ አልመክርም፤ ሰውን በሥራው መካከል ይቆርጠዋል። ለተቋረጠው ግን ጥቂት ሰዓታት ሰጥቶ ከዚያ በኋላ እንዲዘጋ ማድረግ ተገቢ ነው፤ የኔትወርክ መቆራረጥ ያጋጠመው ሰው ተመልሶ ሥራውን እንዲያገኝ ጊዜው እጅግ አጭር መሆን የለበትም። ለተጠቃሚዎችም ከርቀት ሲወጡ ከስታርት ሜኑ «ሳይን አውት» እንዲሉ አንድ ጊዜ በአካል ማሳየት ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል።

በኤስኤስኤች፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት ከርቀት ትዕዛዝ በሚጻፍበት መንገድ፣ ለሚገባ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሼሉና በእርሱ ሥር የነበሩት ፕሮግራሞች የመዝጊያ ምልክት ደርሷቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታሉ። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ያለው ሰው ስለዚህ ከመጀመሪያው «ቲሙክስ» በሚባለው፣ ቲ፣ ኤም፣ ዩ፣ ኤክስ ተብሎ በሚጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ይጀምረው፤ ቲሙክስ ከግንኙነቱ ተለይቶ በሰርቨሩ ላይ ስለሚኖር ሰውየው ቢቋረጥም ተመልሶ «ቲሙክስ አታች» ሲል ሥራውን ሳይነካ ያገኘዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ከተቋረጠ ከብዙ ጊዜ በኋላም ሴሽኑ በዝርዝሩ ላይ ይታያል። የተጠቃሚው ላፕቶፕ በድንገት ኃይል ቢያጣ ሰርቨሩ ወዲያው የሚያውቅበት መንገድ የለውምና የሌለ ሰው ይጠብቃል። ለዚህ በኤስኤስኤች ሰርቨር የቅንብር ፋይል «ክላየንት አላይቭ ኢንተርቫል» የሚለውን በሰከንድ መሙላት ያስፈልጋል፤ ነባሪው 0፣ ማለትም የጠፋ ነው። 300 ቢሉትና «ክላየንት አላይቭ ካውንት ማክስ» በነባሪው 3 ላይ ቢቀር፣ ሰርቨሩ በየአምስት ደቂቃው «አለህ ወይ» ብሎ ይጠይቅና ለሦስቱም መልስ ካጣ፣ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሴሽኑን ይዘጋል። ይህን ቅንብር ሥራ የፈታን ሰው ማስወጫ አድርገው የሚያቀርቡ መመሪያዎች በብዛት ይታያሉ፤ ስሕተት ነው። ጥያቄውን የሚመልሰው የተጠቃሚው ማሽን እንጂ ጣቱ ስላልሆነ፣ ኮምፒውተሩ እስከተገናኘ ድረስ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቢተኛም ሴሽኑ ይኖራል። ለሥራ ፈት ሰው መድኃኒቱ ከላይ የተጠቀሰው ቲኤምአውት ነው።

ማን መቼ እንደገባ ከመዝገብ ማንበብ

በዊንዶውስ «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ የደኅንነት መዝገብ ላይ 4624 የተሳካ መግቢያ፣ 4625 ያልተሳካ ሙከራ፣ 4647 ተጠቃሚው ራሱ የጀመረው መውጣት ነው። 4624ን ሲከፍቱ የመግቢያውን ዓይነት የሚናገር ቁጥር አለ፤ 2 ፊት ለፊት፣ 3 በኔትወርክ፣ 7 የተቆለፈን መክፈት፣ 10 በሪሞት ዴስክቶፕ ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ 4624ን ብቻ መቁጠር ትርጉም የለውም፣ በሺህ የሚቆጠሩ የኔትወርክ መግቢያዎች ዓይንዎን ይሸፍኑታል። በሊኑክስ «ላስት» ያለፉትን ሴሽኖች፣ «ላስትቢ» ደግሞ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያልተሳኩትን ሙከራዎች ያወጣል።

የይለፍ ቃል ሲለወጥና አንድ ሰው ሲለቅ

የይለፍ ቃልን መለወጥ የተከፈተ ሴሽንን አይዘጋም። ማንነት የሚጣራው በመግቢያው በር ላይ ነው፤ አንዴ የገባ ሰው ቁልፉ ቢለወጥም ውስጥ ነው ያለው። የአንድን አካውንት ቁልፍ ሌላ ሰው ሰርቆታል ብለው ከጠረጠሩ ስለዚህ ቁልፉን ለውጠው ማቆም አይበቃም፣ በየማሽኑ ያሉትን ሴሽኖች ሁሉ መዝጋት ይኖርብዎታል።

ከዚሁ የሚወለድ፣ ሰውን ለቀናት የሚያንከራትት ሌላ እንቆቅልሽ አለ። አንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ከለወጠ በኋላ አካውንቱ ደጋግሞ ይቆለፍበታል፤ ይከፈትለታል፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተቆልፎ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሳምንታት በፊት ገብቶበት መስኮቱን ብቻ የዘጋው አንድ ሰርቨር ነው፤ እዚያ የቀረው ሴሽኑ በአሮጌው ቁልፍ የተጋራ ፎልደር ለመክፈት እየሞከረ የተሳሳተ ሙከራ ያስቆጥርበታል። 4625 በተመዘገበበት ማሽን ላይ ሙከራው የመጣበትን ኮምፒውተር ስም ይፈልጉ፣ እዚያ ሄደው በኩዌሪ ዩዘር ሴሽኑን ያግኙና ይዝጉት። በፕሮግራም የተያዙ ሥራዎችና በተጠቃሚው ስም የሚሠሩ አገልግሎቶችም ይህንኑ ሊያደርጉ ስለሚችሉ አብሮ ማየት አይጎዳም።

አንድ ሰው ከሥራው ሲለቅ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አካውንቱን ማገድ፣ ቀጥሎ ሴሽኖቹን መዝጋት ይገባል፤ ተገላብጦ ከተሠራ በሁለቱ መካከል ተመልሶ ሊገባ ይችላል። በሊኑክስ «ዩዘርሞድ» ከአቢይ ኤል አማራጭ ጋር የይለፍ ቃሉን ብቻ ስለሚቆልፍ በኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ማለትም የይለፍ ቃልን በሚተካ ፋይል፣ የሚገባውን ሰው ላያስቆመው ይችላል፤ አካውንቱ ራሱ እንዲያበቃ «ኤክስፓየርዴት» የሚለውን አማራጭ በ1 መሙላት፣ የማብቂያ ቀኑን ወደ 1970 መጀመሪያ ስለሚመልሰው፣ በሩን ይዘጋል። ከዚያ «ሎግኢንሲቲኤል ተርሚኔት-ዩዘር» ብለው ስሙን ይጨምሩ፣ ሊንገር በርቶለት ከነበረ ያጥፉት፣ በተወሰነ ሰዓት ሥራ በሚያስነሣው ክሮን የያዛቸውን ሥራዎች ይመልከቱ፣ ቤቱ በሆነው ፎልደር ውስጥ የቀሩትን የኤስኤስኤች ቁልፎችም ያንሡ። በመጨረሻ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን «ፒኤስ» የሚለውን ትዕዛዝ በእርሱ ስም ብቻ አጣርተው ያስኪዱ፤ የሚመለሰው ዝርዝር ባዶ ከሆነ ሰውየው ከማሽኑ ወጥቷል፤ አንድ መስመር እንኳ ከታየ ያ ፕሮግራም ከየት እንደተነሣ ሳያውቁ ፎልደሩን አይሰርዙ።